ላላ አድርገህ ስፋው

ሐምሌ ሲገባ፣ አዌቱ ሞልቶ ጭቃ ሲያንከባልል፣
ከደረጃው ስር ተቀምጫለሁ፣ በምላጭ ክር ስነጥል።
ስም ነው የምፈታው። ዘጠኝ ቁጥር ላይ «ነዚፍ» የሚለውን፣
ስድስት ቁጥር ላይ ከዳውሮ የመጣውን፣ የዶጊሶን፣
የበረኛውንም። የሱን ሳልጨርስ ምላጩ ደነዘ፤
ስሙ ረጅም ነው፣ አብዱልሃፊዝ፤ ገዢው ግን በአጭሩ ያዘ።

ሦስቱንም አንድ መኪና ወሰዳቸው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ።
ነጭ ሚኒባስ ነበር። ሹፌሩን አጂፕ ጋ አየሁት፣ ሙዝ ሲበላ።

የአንዱ ፊርማ ብቻ (ሒሳብ ሹሟ ሰሚራ ደምራው ነበር)
የሁላችንን ደሞዝ፣ የአውቶቡሱን ናፍጣ፣ የሣሩን አጨዳ ጭምር
ከጥቅምት እስከ ሰኔ ይችላል። ሁለት ጊዜ ደመረችው፤
በሦስተኛው ካልኩሌተሩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

አልተቀየምኩም። ዳቦ ያየን ልጅ አትሂድ አይሉትም።
የአራት ወር ደሞዝ ያልከፈለ እጅ፣ ይዞ ማስቀረት አይችልም።
ነዚፍ ሲሰናበት፣ «ጋሽ ሸረፋ፣ ማሊያዬን አትጣለው» አለኝ።
«እኛ ቤት ማሊያ አይጣልም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀብኝ።

እውነቴን ነበር። ባለጸጋው ሰው ሲቀይር ልብስም ይቀይራል፤
እኛ ስም እንቀይራለን፣
ጨርቁ ግን ያውቃል።
ፀሐይ ዙሪያውን አደብዝዛ፣ ፊደል የሸፈነውን ትታ፣
ፎቶ እንደወረደበት ግድግዳ፣ ነዚፍ ይነበባል በዚያ ቦታ።

አሰልጣኝ ተክሉ ዘንድሮ ገበያ አልወጣም፤ ሰፈር ለሰፈር ዞረ።
ከሂርማታ አንድ ሯጭ አመጣ፤ ከቂጦ አንድ፣ ትምህርት ያቋረጠ፣ ያኮረፈ፣ የቸገረ፤
ከአጋሮ መንገድ፣ ከመጋዘን፣ ጆንያ ተሸካሚ ተከላካይ፤
ከትልቅ ክለብም በውሰት አንድ፣ ጉልበቱ የታሰረ አማካይ።
«ቡድን እንደ በርጩማ ነው» ይላል፤ «እግሩም ወገቡም ከአንድ ግንድ
ይጠረባል እንጂ ሚስማር አያውቅም።»
እሺ። በየክረምቱ ግንዱን ሲጭኑት ወደ ዋናው መንገድ?

ኅዳር ላይ ባለጸጎቹ መጡብን። ዛፉ ላይ ሳይቀር ሰው።
ነዚፍን ፈለግሁት። ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ካፖርት አልብሰው
አስቀምጠውታል፤ ከመስመሩ ወዲያ፣ ጫማው እንኳ ሳይቆሽሽ።
ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እግሩን ሲያወዛውዝ፣
አንድ ቤት እህሉ በጎተራ ይነቅዛል አልኩ በልቤ፣
አንድ ቤት ዘሩን ቆልቶ ያድራል። ፎጣ አጥፌ፣ ውሃ አቀርቤ፣
ዞር ብዬ ሳየው እጁን አነሳ። ወደ ላይ አይደለም፣ እስከ ደረት።
ያቺን እጅ አውቃታለሁ። ስትከፋው ነው የሚያነሳት።

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷን ያገባው የሂርማታው ሙኒብ ነው፣
የነዚፍን ጥላ ጀርባው ላይ አዝሎ፤ ገና ስም ያልሰፋሁለት ነው።
ጎሏ ስትቆጠር ክብር ትሪቡን ላይ አንድ መነጽራም ሰው አየሁ።
አላጨበጨበም።
ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። አወቅሁ።

ማታ ልጁ መጣ፤ ካልሲው ጭቃ፣ ቆርቆሮው ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ።
«ስሜን ልትሰፋልኝ ነው?» አለ፣ ፊደሎቹን በጣቱ ሲያነብ፤
አራት ናቸው፣ ትንሽ ናቸው፣ መዳፌ ላይ ይሞላሉ።
«አዎ» አልኩት። ዝም አለ። ሌሎቹ ውጪ ይጮሃሉ፣
ባጃጅ ይጣራሉ፣ ይሳሳቃሉ እንዳልተሸነፈ ሰው።
መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሽ ሸረፋ፣ ላላ አድርገህ ስፋው፤
ኋላ ስትፈታው እንዳያስቸግርህ።»

አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ክሩን በከንፈሬ አርጥቤ፣ አጠፍኩና አሾልኬ፣
ድርብ አድርጌ ሰፋሁት፣ ጥርሴን ነክሼ፣ አጥብቄ።

በማግስቱ መርካቶ ወርጄ፣
አንድ አዲስ ምላጭ ገዛሁ።